ድልድይ ሲሻገር የሚረክስ ሰርተፍኬት

ቡና ላኪ ሁለት ወረቀት ያውቃል። አንደኛው ቡናው ተቀምሶ ደረጃው የተመሰከረበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለመላክ የሚያስችለው ፈቃድ ነው። ደረጃ ያለው ቡና ይዞ ፈቃድ ያጣ ነጋዴ ዕቃውን መጋዘን አስቀምጦ ከመቁጠር ያለፈ አይረባውም። በአሜሪካ የነርስ ፕራክቲሽነሮች ገበያም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተንና አካባቢዋ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በነርስነት የሚሠሩ አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ትምህርት ቀጥሎ የራሱን ክሊኒክ መክፈት የሚያስብ፣ ለዚሁም ከዘመድ ወዳጅ ገንዘብ የሚያሰባስብ አይጠፋም። ገንዘብ የሚያወጣ ደግሞ የሚገዛውን ማወቅ አለበት።

ነርስ ፕራክቲሽነር ማለት ከመደበኛው የነርስ ፈቃድ በላይ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ተምራ፣ በሽተኛ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ባለሙያ ናት። ሙያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው አገር አቀፍ ፈታኝ ድርጅት ሲሆን፣ የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን የየክፍለ ግዛቱ ቦርድ ነው። የነርስ ማኅበራትና ቦርዶች እ.ኤ.አ. በ2008 በጋራ ባወጡት ሞዴል ትምህርቱ፣ ሰርተፍኬቱና ፈቃዱ በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ይሁንና ሕጉን የሚያወጣው የየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በመሆኑ፣ ሚዛኑ አንድ ሆኖ ሳለ ገበያው ተለያይቶ ቀርቷል።

ለማስረጃ ፖቶማክ ወንዝን ማየት ይበቃል። በዋሽንግተን ዲሲ ነርስ ፕራክቲሽነሯ ያለ ሐኪም ውል ትሠራለች። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ የሐኪሙን ስምምነት አንስታ፣ ጀማሪዋን ለ18 ወር የሚያማክራት ልምድ ያለው ባለሙያ እንዲኖር ብቻ ጠየቀች። ድልድዩን ተሻግረን ቨርጂኒያ ስንገባ ግን ጀማሪዋ የትብብር ውል መዋዋል ግዴታዋ ነው። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ሕግ ከአምስት ዓመት ሙሉ ሥራ በኋላ ራሷን እንድትችል በር ከፈተ። የዓመታቱ ቁጥር ኋላ ቢቀነስም፣ ለጀማሪ ውሉ አልተነሳም።

ይህ በገንዘብ ሲተመን ምን ማለት ነው? ሐኪሙ ለፊርማው ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። በፊርማ ላይ የቆመ ክሊኒክ ደግሞ ሐኪሙ ጡረታ የወጣ ዕለት ይናጋል።

በሌላ በኩል፣ የአረጋውያን የመንግሥት መድን የሆነው ሜዲኬር እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ መሠረት ከ1998 ጀምሮ ለነርስ ፕራክቲሽነሮች በየትኛውም ቦታ በቀጥታ ይከፍላል። ክፍያው ግን የሐኪሙ 85 በመቶ ነው። ለሐኪም 100 ዶላር በተመደበበት ሥራ እሷ በስሟ ብትጠይቅ ስሌቱ ከ85 ይነሳል። ሐኪሙ የጀመረውን ሕክምና በእሱ ቁጥጥር ሥር ቀጥላ ሒሳቡ በስሙ ከተጠየቀ ግን 100 ይሆናል። የሥራ ነፃነት በ15 በመቶ ቅናሽ ይገዛል ማለት ነው።

ስለዚህ ለትምህርትም ሆነ ለክሊኒክ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይነሳ። ትምህርት ቤቱ ዕውቅና አለው? ሰርተፍኬቱ የሚሸፍነው የትኛውን በሽተኛ ነው? የሕፃናት ሰርተፍኬት ይዞ አረጋዊ ማከም አይቻልምና። ክሊኒኩስ የሚከፈተው ከወንዙ በየትኛው ወገን ነው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አባቶች።