ኤሌክትሪክን በሚዛን ስለ መለካት

ሁለት የመዳብ ሰሌዳዎች የመዳብ ሰልፌት በሟሟበት ውሃ ውስጥ ነክረን ከባትሪ ጋራ ብናገናኛቸው፣ ከአሉታዊው ጫፍ ጋራ የተያያዘው ሰሌዳ እየከበደ ሲሄድ ሁለተኛው እየቀለለ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ በፈሳሽ ውስጥ አልፎ እንዲህ ያለውን የኬሚካል ለውጥ ሲያደርስ ሥራው ኤሌክትሮሊስስ ይባላል። ስንት ግራም መዳብ እንደሚለጠፍ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን? ይቻላል፤ መንገዱንም ያሳየን ማይክል ፋራዴይ ነው።

ፋራዴይ በለንደን ሮያል ኢንስቲቲዩሽን ሲሠራ በ1834 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሁለት ሕጎችን ገለጸ። አንደኛው፣ የሚለጠፈው ነገር ክብደት ባለፈው የኤሌክትሪክ ብዛት ልክ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ እኩል የሆነ ኤሌክትሪክ በልዩ ልዩ ፈሳሾች ቢያልፍ የሚገኙት ክብደቶች በየነገሩ አቻ ክብደት ልክ ናቸው ይላል፤ አቻ ክብደት ማለት የአቶም ክብደት ለቫሌንስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ኤሌክትሮን በ1897 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ ምክንያቱ ግልጽ ሆነ፤ አንድ የብር አዮን 1፣ የመዳብ አዮን 2፣ የአሉሚኒየም አዮን 3 ኤሌክትሮን ተቀብሎ ነው ወደ አቶምነት የሚለወጠው።

እንግዲህ 5 አምፔር ለ1 ሰዓት ቢያልፍ ስሌቱ እንደሚከተለው ነው።

አምፔሩን በሴኮንድ እናባዛለን፤ 5 × 3,600 = 18,000 ኩሎም።
የአንድ ሞል ኤሌክትሮን ብዛት 96,485 ኩሎም ስለ ሆነ እናካፍላለን፤ 18,000 ÷ 96,485 = 0.1866 ሞል።
ይህን በአቻ ክብደት እናባዛለን፤ ለመዳብ 63.55 ÷ 2 = 31.78፤ ውጤቱም 5.93 ግራም ነው።

በዚያው ኤሌክትሪክ ብር ቢሆን 20.12 ግራም፣ አሉሚኒየም ቢሆን ግን 1.68 ግራም ብቻ ይገኛል። ቫሌንሱን የዘነጋ ተማሪ የመዳቡን መልስ እጥፍ፣ የአሉሚኒየሙን ሦስት እጥፍ አድርጎ ያወጣል።

ሰሌዳውን መዝነን 5.63 ግራም ብናገኝስ? ሕጉ ፈረሰ አንልም። 5.63ን ለ5.93 ስናካፍል 95 በመቶ ይሆናል፤ የቀረውን 5 በመቶ መፈለግ የኛ ፈንታ ነው። ኤሌክትሪኩ ከመጠን በላይ በርትቶ ከመዳቡ ጋራ ሃይድሮጅን አውጥቶ ይሆናል፤ ወይም መዳቡ እንደ ዱቄት ሆኖ ሰሌዳው ሲታጠብ ረግፏል።

ሕጉ እጅግ የታመነ ከመሆኑ የተነሣ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. በለንደን የተሰበሰቡ ሊቃውንት ዓለም አቀፉን አምፔር በሴኮንድ 0.001118 ግራም ብር የሚለጥፍ ኤሌክትሪክ ነው ብለው ወሰኑ፤ ይህም እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ቆየ።

የስሌቱ ጥቅም በፋብሪካ ይበልጥ ይታያል። ሆልና ኤሩ በየግላቸው በ1886 እ.ኤ.አ. ባገኙት ዘዴ፣ አሉሚኒየም የሚወጣው በቀለጠ ክሪዮላይት ውስጥ ከሟሟ አሉሚና ነው። አንድ ኪሎ ለማግኘት ምንም ሳይባክን 2,980 አምፔር-ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ4.2 ቮልት ቢሠራ 12.5 ኪሎዋት-ሰዓት መሆኑ ነው። የፋራዴይ ሕግ የአምፔሩን ብዛት ይወስናል እንጂ ቮልቱን አይወስንም፤ ስለዚህ መሐንዲሶች ወጪ ለመቀነስ የሚደክሙት ቮልቱን በማሳነስና ብክነቱን በመከልከል ነው። ከሦስቱ ኤሌክትሮኖች ግን አንዱን እንኳ ማስቀረት የሚችል የለም።