ማስተሩ ተሸጠ፣ ዘፈኑ ቀጠለ፦ የሙዚቀኛ ክፍያ ከሸክላ እስከ ፍላሽ

የሙዚቀኛ ጥቅም ነገር ሲነሣ ጣት የሚቀሰረው ካሴት አባዢው ላይ ነው። አባዢው ጥፋተኛ መሆኑ አያከራክርም። ከሸክላው ዘመን ወዲህ ያለውን አሠራር ተከታትሎ ላየ ግን ሌባው ከመምጣቱ በፊትም ሙዚቀኛውና ዘፈኑ የሚለያዩት ስቱዲዮው በር ላይ ነበር። ሙዚቀኛው አንዴ ተከፍሎት ይወጣል፤ ዘፈኑ ግን ዕድሜውን ሙሉ ለሌላ ሰው ሲሠራ ይኖራል።

ከደመወዝ ወደ ሸክላ

በንጉሡ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ ከሞላ ጎደል የመንግሥት ሥራ ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ሀገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ጥላሁን ገሠሠ ከክቡር ዘበኛ፣ አለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጡ ናቸው። ሳክስፎን ነፊው እንደ ማንኛውም የሠራዊት አባል የወር ደመወዙን ይቀበላል፤ መሣሪያው የክፍሉ ንብረት ነው፣ ውጭ ለመጫወትም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትም በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር።

ይህን የሰበረው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረው አምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ቀረጻው እንደ ዛሬው ድምፅ በድምፅ የሚነባበር አልነበረም። ዘፋኙና ባንዱ በአንድ ላይ ይቀረጻሉ፤ ትራምፔቱ አንዴ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቴፑ ሕንድ ወይም ሊባኖስ ደርሶ ሸክላ ሆኖ ይመለሳል። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አሳትሟል። ዓሊ ታንጎም በካይፋ ሪከርድስ ተከትሎታል። ሙዚቃው ከመንግሥት እጅ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የሚታየው ግን የዘፋኙ ፎቶ ነበር፤ ድራም መቺው ማን እንደሆነ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ እምብዛም አልነበረም።

ሮክ ኤንድ ሮል የተወለደባቸው የአሜሪካ ስቱዲዮዎችም ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም። የሜምፊሱ የስቱዲዮ ባለቤት ሳም ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1955 የኤልቪስ ፕሪስሊን ውል ለሸክላ አሳታሚው አርሲኤ በ35,000 ዶላር ሲሸጥ፣ ያን ድምፅ አብረው የፈጠሩት ጊታሪስቱ ስኮቲ ሙርና ቤዚስቱ ቢል ብላክ የሳምንት ደሞዝተኞች ሆነው ቀሩ፦ ሥራ ሲኖር 200፣ ሥራ ሲጠፋ 100 ዶላር። በ1957 ሁለቱም መልቀቂያ አስገቡ። ልዩነቱ አሜሪካኖቹ ጠንካራ ማኅበር የነበራቸው መሆኑ ነው። የሙዚቀኞች ማኅበራቸው ከ1942 እስከ 1944 ቀረጻ አናደርግም ብሎ አድሞ፣ ከሚሸጠው ሸክላ ለሙዚቀኞች ፈንድ ገንዘብ እንዲገባ አስገድዷል።

በቁርጥ የሚሸጥ ማስተር

በደርግ ዘመን ካሴት ሸክላን ተካ። ካሴት ርካሽ ነው፣ ሻይ ቤትም ገጠርም ይደርሳል። አሳታሚው ሙዚቃ ቤት ሆነ፤ አምባሰል፣ ኤሌክትራና ሌሎችም በዚህ ሥራ ስማቸው ገነነ። ዘፋኙ ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ ለሙዚቃ ቤቱ በቁርጥ ይሸጣል፤ ከዚያው ገንዘብ ለግጥም፣ ለዜማ፣ ለቅንብርና ለስቱዲዮ ይከፍላል። ካሴቱ አንድ ሺህ ቢሸጥ መቶ ሺህ፣ የዘፋኙ ሂሳብ ተዘግቷል። የተጫዋቹ ሂሳብማ ከዚያ በፊት ነው የተዘጋው። ሮሃ ባንድ በመቶ የሚቆጠሩ ካሴቶችን አጅቧል። ያ ሁሉ ሥራ በመቶኛ ድርሻ ተከፍሎበት ቢሆን፣ አባላቱ ጡረታቸውን በመሣሪያቸው ባወጡ ነበር።

ቀጥሎ ኪቦርድ መጣና አንድ አቀናባሪ የባንዱን ቦታ ያዘ። ሲዲ ሲከተል ደግሞ አባዢው አልበሙን በወጣበት ቀን መሸጥ ቻለ። ይሄኔ ሙዚቀኞቹ ለወራት አዲስ ሥራ አናወጣም ብለው ሕግ ጠየቁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰት መብትን ቢያውቅም አባዢን የሚያስፈራ ክንድ አልነበረውም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ከደራሲው ሌላ ለ«ከዋኙ»፣ ማለትም ለዘፋኙና ለተጫዋቹ፣ የ50 ዓመት መብት ሰጠ። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ሮያሊቲ የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲኖር በር ከፈተ። በወረቀት ደረጃ ከአሜሪካ እንሻላለን፤ እዚያ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ዛሬም ለደራሲው እንጂ ለተጫዋቹ አይከፍልም።

18 ማዞሪያ ላይ

ወረቀቱን ትቶ ኮልፌ 18 ማዞሪያ የወረደ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ሚኒባሱ ውስጥ ማህሙድ አህመድ፣ ካፌው ውስጥ የዘንድሮ ነጠላ ዜማ ይሰማል። ሞባይል ጠጋኙ ጋ ያለው ልጅ ፍላሹን ይሰካል፣ ከድሮው ይሁን ከአዲሱ ይጠይቃል፣ ፎልደሩን ጭኖ ሂሳቡን ይቀበላል። ባለታክሲው ለነዳጅ፣ ካፌው ለስኳር፣ ሱቁ ለመብራት ይከፍላሉ። ለሙዚቃው ሲከፍል የሚታይ ግን የለም። ልጁን ማሰር ቀላል ነው፤ ነገ ግን ሌላ ልጅ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ያሉበት ቡድን አውታር የተባለውን መተግበሪያ ሲጀምር ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ ዘፈን በስልክ ይሸጥ፣ ሽያጩ በቁጥር ይታወቅ። ዩቲዩብም ቢሆን ቁጥሩን አይደብቅም፤ ገቢው ግን ለቻናሉ ባለቤት ነው የሚገባው። ጊታሪስቱ ቻናል የለውም።

ከቁርጥ ሽያጭ የተለየ ውል እንደሚቻል የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። አሜሪካ ቀርቶ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረው ይህ ኪቦርዲስት እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 እንደገና ታተመለት። አሳታሚው ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል የሚካፈል ድርጅት ነው። የ28 ዓመት ካሴት ለሙዚቀኛው ገንዘብ ያመጣው ውሉ ትርፍ የሚያካፍል ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አሁን የጎደለው አዋጅ አይደለም፣ መዝገብ ነው፦ የትኛው ዘፈን፣ የት፣ ስንት ጊዜ ተሰማ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን ተጫወተበት። የጋራ አስተዳደር ማኅበሩ ነገ ከታክሲውም ከካፌውም ሮያሊቲ ቢሰበስብ፣ የድሮ ካሴቶቻችን ላይ ስማቸው ያልተጻፈውን ቤዚስትና ድራም መቺ ፈልጎ ማግኘት አለበት። የዛሬዎቹ ስቱዲዮዎች ይህን ዕዳ ለሚቀጥለው ትውልድ እንዳያወርሱ ከፈለጉ መላው ቀላል ነው፦ ማስተሩ ከመሸጡ በፊት የእያንዳንዱ ተጫዋች ስምና የመቶኛ ድርሻ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይፈረምበት።