ስንዴውን ሳይነኩ አረሙን፡ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት እንዴት ይሠራል?

በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኘው አሰላ ብርዷ ሲበረታ በመድኃኒት ቤቶች መስኮት ላይ «ጉንፋን ይዞኛል፣ አሞክሳሲሊን ስጡኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። አሞክሳሲሊን ግን የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ መድኃኒት ነው። የጉንፋን መንስዔ የሆነው ቫይረስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ገንዘቡ በከንቱ ይወጣል።

ቫይረስ ብቻውን አይራባም፤ የሚባዛው በእኛው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ እርሱን ለይቶ መምታት ከባድ ነው። ስንዴውን ሳይነካ አረሙን የሚያደርቅ ኬሚካል ለሚረጨው የአርሲ ገበሬ ግን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ፀረ ቫይረስም ቫይረሱ ብቻ ያለውን ነገር ፈልጎ ይመታል።

ኤች አይ ቪን እንውሰድ። ይህ ቫይረስ የዘር መረጃውን የሚይዘው በአር ኤን ኤ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲገባ በራሱ ኢንዛይም ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጠዋል፤ በሌላ ኢንዛይም ደግሞ ከሕዋሱ ዲ ኤን ኤ ጋር ያጣብቀዋል። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የግንባታውን ጡብ መስለው ይገባሉ፤ ቀጣዩ ጡብ የሚያያዝበት ቦታ ስለሌላቸው ግንባታው እዚያው ይቆማል። ዶሉቴግራቪር ማጣበቁን ይከለክላል። ሦስቱ ዛሬ በአንድ ኪኒን ተጠቃልለው በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳሉ።

ለምን ሦስት? ከአሰላ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ነገሩን በስንዴ ያውቁታል። በ2002/03 የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ መታው። ከዚያ በኋላ የተስፋፋው ዲገሉም በ2006 ዓ.ም. በግንድ ዋግ ተጠቃ። ኤች አይ ቪም ሲባዛ ስለሚሳሳት ራሱን ይለውጣል፤ ከአንድ መድኃኒት ያመልጣል፣ ከሦስቱ በአንድ ጊዜ ማምለጥ ግን እጅግ ይከብደዋል።

መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የብዙዎች ሕይወት ተርፏል። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሲወርድና በዚያው ሲቆይ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። ሆኖም የተጣበቀው ዲ ኤን ኤ በተኙ ሕዋሳት ተደብቆ ስለሚቆይ፣ «ተሽሎኛል» ብሎ ኪኒኑን ያቆመ ሰው ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ሊመለስበት ይችላል።

ጠበል ገብተው መድኃኒቱን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል። ረመዳንን የሚጾምም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ከማፍጠሪያ በኋላ ሊያደርገው ይችላል።