አንድ ቃል፣ ብዙ ፍቺ፤ «እርድ» በሕንድ ቋንቋዎች

አንድን ቃል ማወቅ ማለት በሌላ ቋንቋ አቻውን ማግኘት ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። መዝገበ ቃላት ገልጦ «ይህ ማለት ያ ነው» ማለት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ቃላት የሚኖሩት በመዝገብ ገጽ ላይ ሳይሆን በሚናገሯቸው ሰዎች ኑሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ የአንድ ነገር መጠሪያ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሸጋገር የፍቺው ስፋት ይለወጣል። ይህን ለመረዳት፣ በየቤታችን የአልጫ ወጥን ቢጫ የሚያደርገውን እርድን እንውሰድ። እርድ ከጥንት ጀምሮ በሰፊው ሲመረትና ሲሠራበት የኖረው በሕንድ አገር ነው። በዚያም ስሙ ከወጥ ቤት ወጥቶ ወደ ቀለም፣ ከቀለምም ወደ ሠርግና ወደ መድኃኒት ተሻግሯል።

ሀ. የስሙ አመጣጥ

የሕንድ ቋንቋዎች በብዛት በሁለት ታላላቅ ቤተሰቦች ይመደባሉ። በሰሜንና በመካከለኛው ክፍል የሚነገሩት አብዛኞቹ የኢንዶ-አርያን፣ በደቡብ የሚነገሩት ደግሞ የድራቪድ ቋንቋዎች ናቸው።

በጥንታዊው የሳንስክሪት ቋንቋ እርድ «ሃሪድራ» ይባል ነበር። የቃሉ መነሻ «ሃሪ» ሲሆን፣ ፍቺውም ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ማለት ነው። እንግዲህ ተክሉ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው ማለት ነው። ከዚሁ ስም የሂንዲው «ሃልዲ»፣ የማራቲው «ሃለድ»፣ የኦዲያው «ሃለዲ» እና የቤንጋሊው «ሆሉድ» ተገኝተዋል። ድምፃቸው ቢለያይም የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው በግልጽ ይታያል።

በደቡብ ግን ሌላ የዘር ሐረግ እናገኛለን። የታሚል ተናጋሪ እርድን «ማንጀል»፣ የቴሉጉ ተናጋሪ «ፓሱፑ»፣ የካናዳ ቋንቋ ተናጋሪ ደግሞ «አሪሺና» ይለዋል።

ለ. ከቅመም ወደ ቀለም

በቤንጋሊ «ሆሉድ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይገልጻል። ስም ሲሆን እርድ ማለት ነው፤ ቅጽል ሲሆን ቢጫ ማለት ነው። የታሚሉ «ማንጀል»ም እንደዚሁ ቅመሙንም ቀለሙንም ይጠራል። የቤንጋሊው ቃል ያደረገውን ጕዞ ልብ በሉ። በመጀመሪያ ቀለሙ ለተክሉ ስም ሰጠው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ተክሉ ስሙን መልሶ ለቀለሙ ሰጠው።

የኦዲያ ቋንቋ ግን ሁለቱን ይለያል። እርድ «ሃለዲ» ሲሆን ቢጫ ቀለም «ሃለዲያ» ነው። በስሙ ላይ ባዕድ መድረሻ ተጨምሮ ቅጽል ተገኝቷል። የካናዳ ቋንቋም በሌላ መንገድ ይለያቸዋል። እርድን «አሪሺና» ሲል ቢጫን «ሃለዲ» ይለዋል፤ ይኸውም ከሰሜን ጎረቤቶቹ የእርድ ስም የተገኘ ነው። በሂንዲ ደግሞ እርድ «ሃልዲ»፣ ቢጫ ግን «ፒላ» ነው፤ ሁለቱ ቃላት በአመጣጥ አይገናኙም።

ይህ አሠራር ለአማርኛም እንግዳ አይደለም። «ቡና» ከሚለው ስም በባዕድ መድረሻ «ቡናማ»፣ «አመድ» ከሚለውም «አመድማ» የሚሉትን ቅጽሎች እናገኛለን። ይህ የኦዲያውን መንገድ ይመስላል። «ወይን ጠጅ ቀሚስ» ስንል ግን የመጠጡን ስም ምንም ሳንጨምርበት ለቀለም እናውለዋለን። ይህም የቤንጋሊውንና የታሚሉን መንገድ ይመስላል።

ሐ. ከቀለም ወደ ኑሮ

የአንድ ቃል ቀጥተኛ ፍቺ እማሬያዊ ፍቺ ይባላል። ከዚያ ባሻገር በማኅበረሰቡ ልማድና ስሜት የተነሣ የሚያዝለው ፍቺ ፍካሬያዊ ፍቺ ነው። የእርድ ስም በሕንድ ፍካሬያዊ ፍቺው እጅግ ሰፊ ነው።

በብዙ የሕንድ ክፍሎች ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት በእርድ ይቀባሉ። በቤንጋሊ ይህ ሥርዐት «ጋዬ ሆሉድ»፣ ማለትም «እርድ በገላ ላይ» ይባላል። ከዚህም የተነሣ በሂንዲ «እጆቿን ቢጫ አደረጉ» ቢባል፣ ልጃቸውን ዳሩ ማለት ነው። ይህን ፈሊጣዊ አነጋገር ቃል በቃል የተረጐመ ሰው ስለ ቀለም ያወራ ይመስለዋል እንጂ የሠርጉን ዜና አይሰማም።

በቴሉጉ «ፓሱፑ» ኩንኩማ ከሚባለው ቀይ ዱቄት ጋር ተጣምሮ ሲነገር ባለትዳርነትን ያመለክታል። በማራቲ ተናጋሪዎች ዘንድ ደግሞ «ሃልዲ-ኩንኩ» የሚባል የሴቶች መሰባሰቢያ አለ። ባለትዳር ሴቶች እርድና ቀይ ዱቄት እየተቀባቡ መልካም ይመኛኛሉ። በልማድ ባሏ የሞተባት ሴት በዚህ ሥርዐት አትካፈልም ነበር። ስለዚህ ያው አንድ ቃል ለአንዷ ደስታን፣ ለሌላዋ ከማኅበር መለየትን ያስታውሳል። እኛ «ቡና ጠጡ» ስንል መጠጡን ብቻ ሳይሆን ጕርብትናውንና ጨዋታውን እንደምንጠራ ሁሉ፣ እነርሱም በእርድ ስም የሚጠሩት ቅመሙን ብቻ አይደለም።

መ. ፍቺን መሳት የሚያስከትለው ጉዳት

በሳንስክሪት የሕክምና መጻሕፍት እርድ ከ«ሃሪድራ» ሌላ ብዙ ስሞች አሉት። ከእነዚህም መካከል «ኒሻ» እና «ራጀኒ» ይገኛሉ። የሁለቱም ቃላት የተለመደ ፍቺ «ሌሊት» ነው። ልምድ የሌለው ተርጓሚ የመድኃኒት ቅመማ ሲያነብብ «ሌሊት ጨምር» የሚል ነገር ሊገጥመው ይችላል። በሌላ በኩል «ዳሩሃሪድራ» የሚል ስም አለ፤ ትርጕሙም «የእንጨት እርድ» ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ቢጫ እንጨት ያለው እሾኻማ ቍጥቋጦ ነው እንጂ ከእርድ ጋር ዝምድና የለውም። ስሙን ብቻ ተከትሎ አንዱን በሌላው የተካ ሰው ያልታዘዘለትን መድኃኒት ይወስዳል።

የቃልን ፍቺ ማወቅ በሕግ ጉዳይም ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት፣ በእርድ ቍስልን የማዳን ዘዴን እንደ አዲስ ግኝት ቈጥሮ ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማእከል የባለቤትነት መብት ሰጠ። የሕንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ግን ውሳኔው እንደገና እንዲመረመር ጠየቀ። እርድ ለቍስል መዋሉ በሕንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መሆኑን ለማስረዳትም፣ በሳንስክሪት፣ በኡርዱና በሂንዲ የተጻፉትን ጨምሮ 32 ማስረጃዎችን አቀረበ። በ1997 መብቱ ተሰረዘ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። «ሃሪድራ» የተባለውና በእንግሊዝኛው ሰነድ በሌላ ስም የተጠራው ነገር አንድ መሆኑን የሚያስረዳ ባይኖር ኖሮ፣ የአያቶች ዕውቀት ተጽፎ ሳለ እንዳልተጻፈ ይቈጠር ነበር። ሕንድም ከዚህ ትምህርት ወስዳ በ2001 የባህላዊ ዕውቀት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አቋቋመች። የጥንት መድኃኒቶች መግለጫ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በስፓኝኛና በጃፓንኛ ተተርጕሞ እንዲቀመጥ ተደረገ።

ማጠቃለያ

ከዚህ የምንረዳው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአንድ ነገር ስም ወደ ቀለሙ፣ የቀለሙም ስም ወደ ነገሩ ሊሸጋገር ይችላል። ሁለተኛ፣ የቃል ሙሉ ፍቺ የሚገኘው ከተናጋሪዎቹ ልማድ ጋር ሲታይ ነው። ሦስተኛ፣ ፍቺን በትክክል መያዝ ዕውቀትን ከመጥፋት፣ ባለ ዕውቀቱንም ከመነጠቅ ያድናል።

መልመጃ

1. «ሆሉድ» እና «ሃለዲያ» የቀለም ቅጽል የሆኑበትን መንገድ አነጻጽሩ። ለእያንዳንዱ ከአማርኛ አንድ ተመሳሳይ ምሳሌ ስጡ።
2. በአማርኛ የቅመሙ ስም «እርድ» እና «አረደ» ከሚለው ግሥ የሚገኘው «እርድ» በጽሕፈት አንድ ናቸው። ይህ ከቤንጋሊው «ሆሉድ» ሁለት ፍቺዎች ጋር በምን ይለያል? ሁለቱን የአማርኛ ቃላት በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር አስገቡ።
3. «እጆቿን ቢጫ አደረጉ» ለሚለው አነጋገር እማሬያዊና ፍካሬያዊ ፍቺውን ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ ከሚታወቁ የመድኃኒት ዕፀዋት መካከል ከአንድ በላይ ስም ያለውን አንዱን ምረጡ። ስሞቹን ከአረጋውያን ጠይቃችሁ፣ ፍቺያቸውንና አመጣጣቸውን በሦስት አንቀጽ አብራሩ።