«ማኅበር ሀ» ማን ነው?

በታች ጋይንት ወረዳ ከተማ፣ በአርብ ገበያ፣ «ማኅበር ሀ» ብሎ መጻፍ ስም መደበቅ አይደለም። በኅብረት ሥራ ሙያ የምንሠራ ሰዎች የትብብር ደብዳቤ ይዘው የሚመጡ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን እናስተናግዳለን፤ መዝገብ እናወጣለን፣ ከሰብሳቢ ጋር እናገናኛለን። ጥናቱ ሲያልቅ «በወረዳው ከተማ የሚገኝ፣ በሴት የሚመራ የቁጠባና ብድር ማኅበር» ይላል። እንዲህ ያለው አንድ ብቻ ከሆነ ገበያተኛው ሁሉ ሴትዮዋን ያውቃታል። የማያውቃት የጽሑፉ ፈታኝ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሚጠብቀው ግለሰብን ነው። ማኅበር ግን በሕግ ሰውነት ቢኖረውም የጥናቱን የፈቃድ ቅጽ ሰብሳቢዋ ትፈርምለታለች። ቆጣቢዎቹን ማን ጠየቃቸው?

ስሙ ሳይደበቅ የሚጻፍበትም አለ፤ በእኛው ዞን፣ ፎገራ ውስጥ አውራ አምባ አለ። የእስቴው ተወላጅ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት በዚህ ማኅበረሰብ ላይ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ተሠራ! አንዳንዱ «ሃይማኖት የለሽ» ብሏቸው ያልፋል። እነሱ የሚሉት በፈጣሪ እናምናለን፣ የአምልኮ ቤት ግን የለንም ነው። ጸሐፊው ጽሑፉን አስረክቦ ይሄዳል፤ ቅጽሉን ተሸክመው ከጎረቤት ጋር የሚኖሩት እነሱ ናቸው። በደርግ ዘመን ተጠርጥረው እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደው የተመለሱ ሰዎች መሆናቸውን ላወቀ፣ ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሙገሳውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ምድራዊ ገነት ተብሎ የተጻፈለት ሕዝብ የውስጥ ክርክሩን ለእንግዳ ማውራት የሚከብደው ይመስለኛል።

ጉድለት አይጻፍ ማለቴ እንዳይመስል። ገንዘብ ከጎደለ ይጻፍ፣ ያውም በደማቁ። ያልተመለሰ ብድር አይቶ «የአመራር ድክመት» ከማለት በፊት ግን ዓመቱ ምን ዓመት እንደነበር ይጠየቅ። ታች ጋይንት የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ያለበት ወረዳ ነው፤ ዝናብ ሲቀር ከብት ይሸጣል፣ ብድር ይዘገያል። ይህ በሒሳብ መዝገቡ አይታይም፤ በቃለ ጉባኤው ግን ሊገኝ ይችላል፤ እሱን የሚገልጥ ተማሪ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣውን አስቀድሜ የምጠይቀው ነገር አለ፦ ረቂቁ ሲያልቅ ግኝቱን በሁለት ገጽ አማርኛ ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲያነብ፣ መልሳቸውንም ከግኝቱ ጎን እንዲያስገባ። አባላቱ የተሳሳተ መረጃ ያርማሉ፤ ፍርዱን አይሰርዙም። ይህን ለሁለቱም ወገን እነግራለሁ። «ጊዜ የለኝም» የሚል አይጠፋም። ዓርብ ና፣ ሁሉም ለገበያ ይወጣሉ፣ ማንንም ቤት ለቤት አትፈልግም እለዋለሁ።