ሞተሩ ፈረስ፣ ኮንቨርተሩ ልጓም
(ስለ ፓወር ኤሌክትሮኒክስና ስለ ሞተር ቁጥጥር እድገት)

የዛሬው ርዕሴ ብዙዎቻችን ለፈተና ብለን የምንሸመድደውና ፈተናው ሲያልቅ ከደብተሩ ጋር የምንሸኘው ጉዳይ ነው፤ ፓወር ኤሌክትሮኒክስ። ይሁን እንጂ ተመርቀን ስንወጣ መጀመሪያ የሚጠብቀን እሱ ነው። ፋብሪካ ብንገባ፣ ባቡር ብንጠግን፣ የኤሌክትሪክ መኪና ብንፈታ፣ ከፊታችን ቆሞ የምናገኘው አንድ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለና ምርምሩ እስከ ዛሬ የት እንዳደረሰው በተቻለኝ መጠን ቀለል አድርጌ ላስረዳ። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ግትሩ ሞተር

በዓለም ላይ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚበላው ሞተር ነው። ከሞተሮች ሁሉ ደግሞ በየፋብሪካው የምናገኘው ኢንዳክሽን ሞተር ነው። ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የሚያልቅ ካርቦን የለውም። አንድ አመል ግን አለው፤ ግትር ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው የመስመሩ ፍሪኩዌንሲና የፖሎቹ ቁጥር ነው። ባለ 4 ፖል ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ መስመር ላይ ሲገጠም መግነጢሳዊ መስኩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፣ ሮተሩም ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ 1440 አካባቢ ይከተለዋል። እናንተ 700 ዙር ብትፈልጉ እሱ ምን ቸገረው!

አነሳሱም አስቸጋሪ ነው። ቀጥታ ከመስመር ጋር ሲገናኝ በሥራ ላይ ከሚወስደው ከረንት ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። ወፍጮ ቤት አጠገብ የኖረ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ወፍጮው ሲነሳ የቤቱ አምፖል ጭልጭል ይላል አይደል?

ብክነቱም ሌላ ጣጣ ነው። ውኃ የሚገፋ ፓምፕ ወይም አየር የሚገፋ ፋን እናስብ። ውኃው ሲበዛብን የለመድነው ቫልቩን ገርበብ ማድረግ ነው። ሞተሩ ግን በሙሉ ፍጥነት መዞሩን አያቆምም። ነዳጁን ረግጦ ፍሬን እንደመያዝ ማለት ነው። የፋንና የፓምፕ ኃይል ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱን ወደ 80 በመቶ ብናወርደው የሚፈለገው ኃይል 0.8 × 0.8 × 0.8፣ ማለትም ወደ 51 በመቶ ይወርዳል። ልብ በሉልኝ፤ 20 በመቶ ፍጥነት ቀንሰን ግማሽ የሚሆነውን ኃይል አተረፍን። (ውኃውን ወደ ከፍተኛ ቦታ ማውጣት ካለብን ግን ትርፉ ከዚህ ያንሳል፤ ከፍታው በፍጥነት አይቀነስምና።)

2. ኮንቨርተሩ ምን ይሠራል?

መፍትሔው ለሞተሩ የምንፈልገውን ፍሪኩዌንሲ ሠርቶ መስጠት ነው። ሥራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። መጀመሪያ ሬክቲፋየሩ ከመስመር የመጣውን ኤሲ ወደ ዲሲ ይለውጣል፤ 380 ቮልት ከሆነ 540 ቮልት አካባቢ ዲሲ ይሆናል። ቀጥሎ ትልልቅ ካፓሲተሮች ይህን ዲሲ አጠራቅመው ያረጋጉታል። በመጨረሻ 6 ስዊቾች ያሉት ኢንቨርተር ዲሲውን መልሶ ባለ 3 ፌዝ ኤሲ ያደርገዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን እኛ በፈለግነው ፍሪኩዌንሲ።

አንድ ተማሪ "ለምን በስዊች? ቮልቴጁን በሬዚስተር ብንቀንሰውስ?" ሊል ይችላል። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ የትምህርቱም ልብ እዚህ ጋ ነው። ስዊች ሲከፈት ከረንት አያልፍም፤ ሲዘጋ ደግሞ በላዩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ እጅግ ትንሽ ነው። ብክነት ማለት የሁለቱ ብዜት ስለሆነ በሁለቱም ሁኔታ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሬዚስተሩ ግን ሁልጊዜ ሁለቱንም ይዞ ይግላል። ስለዚህ ስዊቹን በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እናበራለን፣ እናጠፋለን። የበራበትን ጊዜ ስናረዝምና ስናሳጥር አማካዩ ቮልቴጅ ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህ ነው ፒ ደብልዩ ኤም የምንለው። የሞተሩ ጥቅል በባሕርዩ ከረንት በድንገት እንዲለወጥ ስለማይፈቅድ፣ የተቆራረጠውን ቮልቴጅ ለስላሳ ከረንት ያደርገዋል።

ፍሪኩዌንሲ ስንቀንስ ቮልቴጁንም አብረን መቀነስ አለብን። ሞተሩ የተሠራው ለ50 ኸርዝና ለ380 ቮልት ከሆነ፣ በ25 ኸርዝ ወደ 190 ቮልት መስጠት ነው። አለዚያ ብረቱ በመግነጢስ ይጠግብና ከረንቱ ይንራል፣ ጥቅሉም ይቃጠላል።

3. የስዊቾቹ ጉዞ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሾኑንግና ሽቴምለር የተባሉ መሐንዲሶች በፒ ደብልዩ ኤም ሞተር የመንዳትን ዘዴ በ1964 አሳትመዋል። የጎደለው ጥሩ ስዊች ነበር። በ1957 በጄኔራል ኤሌክትሪክ የተሠራው ታይሪስተር ትልቅ ኃይል ይሸከማል፤ በትንሽ ምልክትም ይበራል። ችግሩ ከበራ በኋላ ከረንቱ ወደ ዜሮ እስኪወርድ አልጠፋም ማለቱ ነው። በኤሲ መስመር ላይ ከረንቱ በራሱ ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ይህ አያስቸግርም፤ በዲሲ ላይ ግን እሱን ለማጥፋት ብቻ ሌላ ሰርኪዩት መጨመር ግድ ነበር።

ነገሩን የለወጠው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመጣው አይ ጂ ቢ ቲ ነው። እንደ ሞስፌት በቮልቴጅ ይታዘዛል፣ እንደ ባይፖላር ትራንዚስተር ትልቅ ከረንት ይሸከማል፣ ሲታዘዝም ይጠፋል። ዛሬም በፋብሪካ ድራይቮች ውስጥ በብዛት ያለው እሱ ነው። ድክመቱ ሲጠፋ ከረንቱ በአንዴ አለመቋረጡ ነው፤ ውስጡ የተጠራቀመው ቻርጅ እስኪያልቅ ጅራት እየጎተተ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ማጥፋት ትንሽ ሙቀት ይባክናል ማለት ነው።

አሁን የምርምሩ ወሬ ሁሉ ሲሊከን ካርባይድና ጋሊየም ናይትራይድ ነው። ሲሊከን 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ባንድ ጋፕ ሲኖረው፣ ሲሊከን ካርባይድ 3.26 አካባቢ አለው፤ ሳይፈነዳ የሚችለው የኤሌክትሪክ መስክም ከሲሊከን 10 እጥፍ ያህል ነው። ይህ ምን ይጠቅማል? ያንኑ ቮልቴጅ በጣም በቀጠነ ንብርብር ማገድ ይቻላል። ንብርብሩ ሲቀጥን ሬዚስታንሱ ይወርዳል፣ ብክነቱ ይቀንሳል፣ ማቀዝቀዣውም ያንሳል። ጅራት የማይጎትት ሞስፌትን ለከፍተኛ ቮልቴጅ መጠቀምም የተቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የሲሊከን ካርባይድ ሞስፌት በ2011 አካባቢ ለገበያ ቀረበ፤ በ2017 ደግሞ ቴስላ በሞዴል 3 መኪናው ኢንቨርተር ውስጥ ተጠቀመበት። ጋሊየም ናይትራይድን ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በወጡ ትንንሽና ፈጣን የሞባይል ቻርጀሮች ውስጥ አለ።

4. ጋላቢው፦ የቁጥጥሩ ነገር

ልጓም ብቻውን ፈረስ አይገራም፤ ጋላቢ ያስፈልጋል። ከላይ ያየነው የቮልቴጅና የፍሪኩዌንሲ ጥምርታ ለፓምፕ በቂ ነው፤ ለሊፍትና ለኤሌክትሪክ መኪና ግን አይበቃም፤ ጭነቱ በድንገት ሲለወጥ ይደናገራል። የዲሲ ሞተር ለረጅም ዘመን የተወደደው ለዚህ ነበር፤ መስኩን የሚሠራው ከረንትና ቶርኩን የሚሠራው ከረንት በየራሳቸው ሽቦ ስለሚገቡ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማዘዝ ይቻላል። በኢንዳክሽን ሞተር ሁለቱም በአንድ ሽቦ ተደባልቀው ይገባሉ።

እንዴት እንለያያቸው? በአስፋልት ላይ ከእናንተ ጎን በእኩል ፍጥነት የሚሄድ መኪና ለእናንተ የቆመ ይመስላል። ሂሳቡም እንደዚሁ ነው፤ ከሚዞረው መስክ ጋር አብረን ከዞርን ተለዋዋጩ ከረንት የቆመ ቁጥር ይሆንልናል፣ በሁለት ተከፍሎም ይታያል፤ አንዱ መስክ ሠሪ፣ ሌላው ቶርክ ሠሪ። የዚህን ሂሳብ መሠረት ሮበርት ፓርክ በ1929 ያሳተመ ሲሆን፣ 3ቱን ፌዝ ወደ 2 የሚያወርደው ስሌት በመሐንዲሷ በኢዲት ክላርክ ስም ይጠራል። ጀርመኖቹ ሃሰና ብላሽከ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይህን ይዘው ፊልድ ኦሪየንትድ ኮንትሮል የተባለውን ዘዴ አቀረቡ። ብቻ በዚያን ጊዜ ስሌቱን በፍጥነት የሚሠራ ርካሽ ፕሮሰሰር አልነበረምና ዘዴው በሰፊው ሥራ ላይ እስኪውል ዓመታት ወሰደ።

በ1986 ጃፓናውያኑ ታካሃሺና ኖጉቺ ሌላ መንገድ አሳዩ፤ ቶርኩንና ፍለክሱን በቀጥታ እያሰሉ፣ ከሚፈለገው ወሰን ሲወጡ ተገቢውን ስዊች መምረጥ። ጀርመናዊው ዴፐንብሮክም በራሱ በኩል ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ መጥቷል። ኤ ቢ ቢ በ1995 ይህንኑ ዘዴ በድራይቭ ለገበያ አቀረበ። ከ2000 በኋላ ደግሞ በቺሊ የሮድሪጌዝ ቡድን በገፋበት ፕሬዲክቲቭ ኮንትሮል ላይ ብዙ ተጽፏል። ሐሳቡ እንደ ገበጣ ጨዋታ ነው። 6ቱ ስዊቾች ሊቀመጡ የሚችሉት በ8 ዓይነት ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን "ይህን ብጫወት ቀጥሎ ምን ይሆናል?" እያለ ያሰላና የተሻለውን ይመርጣል።

ሌላው የምርምር መስክ ያለ ፍጥነት ሴንሰር መቆጣጠር ነው። ፍጥነቱን ከሞተሩ ቮልቴጅና ከረንት ማስላት ይቻላል፤ ሞተሩ ለመቆም ሲቃረብ ግን የሚያመነጨው ቮልቴጅ ስለሚጠፋ ስሌቱ መያዣ መጨበጫ ያጣል። ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ከሚያደክሙት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው።

5. አዲስ ስዊች፣ አዲስ ራስ ምታት

ፈጣን ስዊች ሁልጊዜ በረከት አይደለም። ቮልቴጁ በጣም በፍጥነት ሲወጣ ረጅም ኬብል ላይ እንደ ሞገድ ተጉዞ ከሞተሩ ይላተምና ይመለሳል፤ በዚህ ምክንያት በሞተሩ ጫፍ ላይ እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ለመደበኛ መስመር የተጠመጠመ ሞተር ይህን አይችለውም፣ ኢንሱሌሽኑ ቀስ በቀስ ይበሳል። ከዚህም በላይ በኩሽኔታው ውስጥ ከረንት እያለፈ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ መሐንዲሱ ፊልተር ይጨምራል፣ ዘንጉን ከመሬት ጋር ያገናኛል፣ አንዳንዴም ከፍሎ የገዛውን ፍጥነት በጌት ሬዚስተር ሆነ ብሎ ያዘገየዋል። ምርምር ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ አንዱን ሲፈቱት ሌላው ይቋጠራል።

6. እኛስ?

"ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው" የሚል ካለ ዙሪያውን ይመልከት። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ዲሲ የሚሄድ ነው። የኢትዮ ጂቡቲ ባቡር 25 ሺህ ቮልት ኤሲ ይወስዳል። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ የሚደርሰው ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የዲሲ መስመር በሁለቱም ጫፉ ኮንቨርተር ነው። በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ኮንቨርተሩ አገር ውስጥ ገብቷል፤ ጥያቄው እውቀቱ አብሮ ገብቷል ወይ ነው።

ይህን የምለው ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ፋብሪካ ያየሁት ስላለ ነው። ትልቅ የአየር ፋን የሚነዳ ድራይቭ ነበር። ፋኑን ሊያቆሙ ሲሉ የኦቨር ቮልቴጅ ኮድ እያሳየ ይቆልፋል። "ተበላሽቷል" ተባለና ሞተሩን በስታር ዴልታ ቀጥታ ከመስመር ጋር አገናኙት፣ ድራይቩ ግድግዳ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። የክፍሉን አንጋፋ ቴክኒሻን፣ "ጋሼ፣ ማኑዋሉን አብረን እንየው?" አልኳቸው። "እኔ ስንት ዘመን ሞተር ጠምጥሜያለሁ ልጄ፤ ይሄን ሳጥን ግን ያስተማረኝ የለም፣ በል አምጣው" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድራይቩ ፍሪኩዌንሲውን በፍጥነት ሲያወርድ ከባዱ ፋን ግን በጉልበቱ መዞሩን ይቀጥላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ኃይል ወደ ካፓሲተሩ ይመልሳል። ሬክቲፋየሩ ዳዮድ ስለሆነ ኃይሉ ወደ መስመር መውጫ የለውም፤ የዲሲው ቮልቴጅ ይወጣል፣ ድራይቩም ራሱን ለማዳን ይቆልፋል። የማቆሚያው ሰዓት 5 ሴኮንድ ተሞልቶ ነበር። ጋሼ 60 አደረጉት፤ ኮዱ ጠፋ። ሊፍት ወይም ክሬን ቢሆን ኖሮ የብሬክ ሬዚስተር መጨመር ያስፈልግ ነበር፤ ለፋን ግን ትዕግሥት ብቻ በቃ። ያ ፋብሪካ ለወራት ሙሉ ኃይል ሲከፍል የቆየው በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው።

ማጠቃለያ

ምርምሩ በሦስት እግር ይሄዳል፤ በስዊቹ፣ በሰርኪዩቱና በቁጥጥሩ። እኛ በሦስት ኮርስ ለያይተን እንማራቸዋለን፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከየፋብሪካው "ተበላሸ" ተብለው የተጣሉ ድራይቮች በላቦራቶሪያችን ይሰብሰቡ፤ ከመከፈታቸው በፊት ካፓሲተሩ መውረዱን በሜትር እያረጋገጥን፣ በመምህር ክትትል እንፍታቸው። የደረቀ ካፓሲተር፣ በአቧራ የታፈነ ማቀዝቀዣ ወይም በስህተት የተሞላ ቁጥር እናገኝ ይሆናል። ሲሊከን ካርባይድን ለመሥራት አቅም ባይኖረን እንኳ የገባውን ሳጥን ከግድግዳ ጌጥነት ማዳን አያቅተንም።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉ ደስ ይለኛል። ቸር እንሰንብት።