ባቡሩ የክፍለ ሀገሩ፣ ሀዲዱ የሌላ

ፌሮባይሬስ በአርጀንቲና የቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር መንግሥት ከ1993 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በእጁ የቆየ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት ነበር። የተወለደው አገሪቱ ምድር ባቡሯን ሸንሽና ለግል ኩባንያዎች ባስረከበችበት ወቅት ነው።

አርጀንቲና ይህን ምድር ባቡር በመንግሥት እጅ ያስገባችው በ1948፣ በፕሬዚዳንት ሁዋን ፔሮን ዘመን ሲሆን አብዛኛውን የገዛችው ከእንግሊዝ ኩባንያዎች ነበር። ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ይህ መረብ በላቲን አሜሪካ አቻ አልነበረውም። በ1980ዎቹ ግን ኪሳራው ከሀዲዱና ከፉርጎዎቹ እርጅና ጋር ተደራርቦ መንግሥትን አስመረረ። በ1989 ሥልጣን የያዙት ካርሎስ ሜኔም ምድር ባቡሩን ወደ ግል ለማዞር ቆረጡ። ሠራተኛው ሲያድም «ሥራ ያቆመ መስመር ይዘጋል» የሚል ዛቻ ተሰማ፤ ዛቻውም ባዶ ሆኖ አልቀረም።

ሽንሸናው ሲጀመር ገበያ ያለው ጭነት ነበር። እህል ወደ ወደብ የሚያወርዱት መስመሮች ለ30 ዓመት በውል ለግል ኩባንያዎች ተሰጡ። የዋና ከተማዋ ዙሪያ ባቡሮችም በድጎማ ታግዘው ወደ ግል ዞሩ። ረጅም መንገድ የሚሄደውን ተሳፋሪ ግን የፈለገው አልነበረም። ማዕከላዊው መንግሥት ክፍለ ሀገራቱን «ወጪውን ከቻላችሁ ውሰዱ፣ ካልቻላችሁ ይቁም» አላቸው። ማርች 10 ቀን 1993 አብዛኛው ቆመ።

እሺ ካሉት ጥቂቶች አንዱ ሪዮ ኔግሮ ነው፤ ከቪየድማ እስከ ባሪሎቼ የሚዘልቀውን የፓታጎንያ ባቡር ተረከበ። ትልቁ ሸክም የወደቀው ግን ከአገሪቱ ሕዝብ ከሲሶ በላይ በሚኖርበት በቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር ላይ ነበር። የዋና ከተማዋ ኮንስቲቱሲዮን ጣቢያ በበጋው ዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ማር ዴል ፕላታ በሚወርድ ቤተሰብ ይጨናነቅ ነበርና፣ 400 ኪሎ ሜትሩን መስመር መዝጋት ለማንም አገረ ገዢ ቀላል አይሆንም።

ክፍለ ሀገሩ የተረከበው ግን ያረጁ ሎኮሞቲቮችንና በ1960ዎቹና 70ዎቹ አገር ውስጥ የተሠሩ ፉርጎዎችን ነው። ዋናው ችግርም እዚህ ላይ አይደለም፤ ፉርጎ ይታደሳል። በብዙዎቹ መስመሮች ሀዲዱና ጥገናው በጭነት ኩባንያዎች እጅ ነበር። እህል የጫነ ባቡር ቀስ ብሎ ቢሄድ የሚጎዳው ነገር ስለሌለ ኩባንያው ሀዲዱን የሚጠግነው ለዚያ ፍጥነት በሚበቃው ልክ ነው። ሰው የጫነውም ባቡር በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። ሀዲዱ በብዙ ቦታ ነጠላ ስለሆነ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ የጭነቱ ባቡር ከዘገየ መንገደኛው ቆሞ ይጠብቃል። ጎን ለጎን በአስፋልቱ የሚከንፈው አውቶቡስ ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል። ተሳፋሪው ሲሸሽ ገቢው ይቀንሳል፣ ገቢው ሲቀንስ ጉዞው ይሰረዛል። ኪሳራውን ሁሉ በክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ድክመት ማመካኘት ስለዚህ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ትርፉ ከኪሳራው የተለየው ገና ሲሸነሸን ነበር።

ማዕከላዊው መንግሥት ኋላ ላይ ሐሳቡን ለውጦ ከቻይና ባስመጣቸው አዳዲስ ባቡሮች በ2014 መጨረሻ የማር ዴል ፕላታን ጉዞ ራሱ ጀመረ። ፌሮባይሬስ በ2016 አጋማሽ፣ አንድ ባቡሩ ከጭነት ባቡር ጋር ከተጋጨ በኋላ ሥራውን አቆመ፤ በ2018ም ፈረሰ። ከመስመሮቹ ጥቂቱን የማዕከላዊው መንግሥት ድርጅት ተረክቦ ቀጠለባቸው፤ በሌሎቹ መስመሮች ላይ ግን የሚያልፈው የጭነት ባቡር ብቻ ሆነ።